ከሰሌዳው ወዲያ፦ ልብስ የማያስገድዱ የባህር ዳርቻዎችና የተሟጋቾቻቸው ቋንቋ

ባለፈው መንፈቀ ዓመት የአድቮኬሲ ኮሙኒኬሽን መምህራችን የጥናት ርዕሶችን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው፣ ጠቅልለው፣ በባዶ የጠመኔ ካርቶን ውስጥ ጨምረው በዕጣ አስወጡን። ለአንዱ ጓደኛዬ የእግረኛ መንገድ ደረሰው፣ ለሌላዋ የትምህርት ቤት ምገባ። የእኔን ብጣሽ ስፈታው ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መምህሩ «ጮክ ብለሽ አንብቢው» ሲሉኝ አነበብኩ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሰዎች ልብስ ለብሰውም ሆነ ሳይለብሱ የሚዋኙባቸው የሕዝብ የባህር ዳርቻዎች እንዲኖሩ ማኅበረሰቦች ስለሚያደርጉት ሙግት ይላል። መምህሩ አልሳቁም። «ይቀየርልኝ» ብዬ ስለምናቸው «አንባቢሽ መስማት የማይፈልገውን ነገር ሳትዋሺም ሳትቀልጂም መጻፍ ከቻልሽ ሌላው ይቀልሻል» አሉና ካርቶኑን ወደ ቀጣዩ ተማሪ አዞሩት።

ለምን እዋሻለሁ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት መስመር አልጻፍኩም። እናቴ እሁድ እሁድ ስትደውል «ምን እያጠናሽ ነው?» ማለቷ የተለመደ ነው። «ስለ ባህር ዳርቻ» አልኳት። «ባህር የለን፣ ምን ሊሠራልሽ ነው?» ብላ ሳቀች። የቀረውን አልነገርኳትም።

ማንበብ ስጀምር ግን የጠበቅኩትን አላገኘሁም። የጠበቅኩት ስለ ገላ የሚደረግ ክርክር ነበር፤ አንዱ ገላ ተፈጥሮ ነው ሲል ሌላው ነውር ነው የሚልበት። ያገኘሁት በአብዛኛው ስለ መኪና ማቆሚያ፣ ስለ አሸዋ፣ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ወሰንና ስለ ደንብ አወጣጥ የተደረገ ክርክር ነው። ካነበብኳቸው ታሪኮች ውስጥ ያሸነፉት ተሟጋቾች ያሸነፉት ራቁት መሆን መልካም ነው ብለው አስረድተው አይደለም። ስለ አንድ የተወሰነ ቦታ አጠቃቀም ተደራድረው፣ የተስማሙበትን በጽሑፍና በሰሌዳ አስፍረው ነው። በዝምታ የተፈቀደላቸው ደግሞ አንድ ቀን ያ ዝምታ ተነሥቶባቸዋል። በዚህች ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው ይህንን ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ማን ይባል?

የመጀመሪያ ረቂቄ ርዕስ «የራቁት ባህር» የሚል ነበር። የዶርም ጓደኞቼ ወደዱት፤ ያስቃላ! መምህሩ ግን በቀይ እስክሪብቶ አሰመሩበትና «ርዕሱ የሚናገረው ስለ እነሱ ነው ወይስ ስለ እኛ ሳቅ?» ብለው ጻፉበት። ተናደድኩ። በኋላ ሳስበው ግን ልክ ናቸው።

በአማርኛ «ራቁት» ስንል ገላን ብቻ አንልም። ንብረቱን ሁሉ ያጣ ሰው «ራቁቱን ቀረ» ይባላል። የተዘረፈው፣ የተዋረደው፣ አእምሮው የታወከው ሁሉ ከቃሉ ጋር ተያይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ «ራቁታቸውን የሚዋኙ ሰዎች» ብዬ ስጀምር አንባቢዬ ገና ሐሳቡን ሳይሰማ ወይ አዝኗል ወይ ተቆጥቷል ማለት ነው። «እርቃን» የመጽሐፍ ቃል ስለሆነ ትንሽ ለስለስ ይላል፤ የሚያደርሰን ግን እዚያው ነው።

የሚገርመው እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ይኸው ችግር ነበረባቸው። «ኑዲስት» የሚለው ስም በአሜሪካ ከ1930ዎቹ ጀምሮ አባላት ብቻ ከሚገቡባቸው የታጠሩ ክበቦች ጋር ተጣብቆ የኖረ ነው። በ1970ዎቹ በሕዝብ ዳርቻዎች ላይ ብቅ ያሉት ወጣቶች ስሙን አልፈለጉትም። «ፍሪ ቢች»፣ ነጻ ዳርቻ፣ አሉት። ጥሩ ስም ነው፤ ከምን ነጻ እንደሆነ ግን አይናገርም (እኔ ራሴ መጀመሪያ ላይ መግቢያ የማያስከፍል ማለት መስሎኝ ነበር)። ኋላ «ክሎዚንግ ኦፕሽናል» የሚለው አጠራር እየተለመደ መጣ። ይኼኛው ስም ስለ ገላ አንዳች አይልም፤ የሚናገረው ስለ ደንቡ ነው። የዋና ልብስ የለበሰውም ያልለበሰውም ጎን ለጎን መቀመጥ ይችላሉ፤ ማንም ማንንም አያስገድድም ነው የሚለው። በዚህ ምክንያት «ልብስ የማያስገድድ ዳርቻ» ብዬ ተረጎምኩት።

እዚህ ላይ ግን ጋዜጠኛ መጠንቀቅ አለበት ባይ ነኝ። ተሟጋች የሚመርጠው ቃል ለተሟጋቹ የሚመች ቃል ነው። «ልብስ የማያስገድድ» የሚለው ስም ልጆቿን ይዛ የምትመጣ እናት ምን እንደምታይ አይነግራትም። ስለዚህ ስሙን እጠቀምበታለሁ፤ «ራቁት» ማለት ባለብኝ ቦታም ራቁት እላለሁ። ዜና የምንጽፍ ሰዎች ከሁለት አንዱን ብቻ ስንይዝ ሳናውቀው ወደ አንዱ ወገን ተጠግተናል።

በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ አጠገብ፣ ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ ሬክ ቢች የሚባል ዳርቻ አለ። ከገደሉ አናት ወደ አሸዋው ለመውረድ ከ400 በላይ ደረጃ አለው። በ1970 ፖሊስ እዚያ ሰዎችን አስሯል፤ ዛሬ በአካባቢው መስተዳድር ፓርክ ክልል ውስጥ የታወቀ ልብስ የማያስገድድ ዳርቻ ነው። የተሟጋቾቹ ማኅበር ስም የሬክ ቢች ጥበቃ ማኅበር ይባላል። ልብ በሉ፣ በስሙ ውስጥ ስለ ልብስ አንድም ቃል የለም። ማኅበሩ ከገደሉ ሥር ስለሚደረግ ግንባታ፣ ከላይ ስለሚቆሙ ሕንፃዎች፣ ስለ ዛፎቹና ስለ አፈሩ መሸርሸር ሲከራከር ኖሯል። ተንኮል ነው የሚል አይጠፋም፤ የልባቸውን በደን ሸፍነው ነው የሚል። እኔ ግን አይመስለኝም። ቦታው ከሌለ ልማዱም የለም፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ለቦታው ተሟገቱ።

አሸዋው፣ መኪናውና ጎረቤቱ

ትምህርቱን በቀላሉ አላገኙትም። በማሳቹሴትስ ግዛት ኬፕ ኮድ የሚባል ወደ ባህር የገባ ረጅም የአሸዋ ምድር አለ። እዚያ ትሩሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ዳርቻ ላይ ጥቂት ሰዎች ያለ ልብስ ሲዋኙ ኖረዋል፤ ማንም ጉዳዬ ብሎ አላያቸውም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወሬው ተሰማና ሰው ጎረፈ። መኪናው በጠባቡ መንገድ ዳር ተደረደረ፣ ሰዎች በሰው ግቢ እያቋረጡ ወረዱ፣ ሣር የያዘው የአሸዋ ክምር ተረገጠ። ዳርቻው የብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ይዞታ ስለሆነ አገልግሎቱ በ1975 ራቁት መሆንን የሚከለክል ደንብ አወጣ። ተጠቃሚዎቹም ኮሚቴ አቋቁመው ከሰሱ። በዚያው ዓመት በፌዴራል ፍርድ ቤት ተሸነፉ፤ በ1976 በይግባኝም ተሸነፉ።

ውሳኔው ሚዛን የደፋው በአሸዋው ክምር፣ በመኪናውና በጎረቤቱ መብት ነው። እነዚህን ለመጠበቅ ደንቡ ምክንያታዊ ነው ተባለ። ይህን ሳነብ ተሟጋቾቹ ምን እንደተሰማቸው ለመገመት ሞከርኩ። ስለ ነጻነት የሚናገር ጽሑፍ ይዘህ ገብተህ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ስትጠየቅ!

በዚያ ትግል ውስጥ ሊ ባክሳንዳል የሚባል ጸሐፊ ነበር። በ1980 በዊስኮንሲን ግዛት ኦሽኮሽ ከተማ ናቹሪስት ሶሳይቲ የተባለውን ማኅበር መሠረተ፤ የዓለም የራቁት ዳርቻዎች መምሪያ መጽሐፍም አዘጋጀ። መምሪያ መጽሐፉ ለእኔ ሁለት ስለት ያለው ነገር ሆኖ ታየኝ። ቦታው በመጽሐፍ ሲወጣ ተጠቃሚው ይበዛል፣ ድምፁም ይሰማል። ሲበዛ ደግሞ የትሩሮ ነገር ይደገማል። አንድን ጸጥ ያለ ቦታ በጋዜጣ ያስተዋወቀ ሰው ሁሉ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል።

ሁለት ጊዜ የተሞከረ በር

የፍሎሪዳው ታሪክ በተለይ ለእኛ ትምህርት ክፍል የተሠራ ይመስላል፤ አንድ ንቅናቄ በሰባት ዓመት ልዩነት ሁለት ዓይነት ክርክር አቅርቦ ሁለት ዓይነት መልስ ያገኘበት ስለሆነ።

የመጀመሪያው ክርክር ሐሳብን የመግለጽ መብት ነበር። ሳውዝ ፍሎሪዳ ፍሪ ቢችስ የተባለው ማኅበር የማያሚን ከተማ ከሰሰና ያለ ልብስ ፀሐይ መሞቅ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ ሥር የሚጠበቅ ሐሳብን የመግለጽ ድርጊት ነው አለ። በ1984 የአሥራ አንደኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። ፀሐይ መሞቅ ብቻውን መልእክት አይደለም ነው ነገሩ። እኔም ብሆን፣ ዳኛ ብሆን ማለቴ ነው፣ በዚህ አልፈርድባቸውም። ጀርባዬን ለፀሐይ ስሰጥ ለማን ምን እየተናገርኩ ነው?

ሁለተኛው ክርክር በ1991 መጣ። በዚህ ጊዜ ሪቻርድ ሜሰን የተባለ ተሟጋችና ጓደኞቹ «መብታችን ነው» ብለው አልጀመሩም። አንድ ቦታ መረጡ፤ ሀውሎቨር። ከማያሚ ቢች በስተ ሰሜን ያለ የካውንቲው ፓርክ ነው። ከመንገዱ ወደ አሸዋው የሚገባው በእግረኛ መተላለፊያ ሥር ነው፤ ዳርቻውን ከመንገዱ ቁጥቋጦና የአሸዋ ክምር ይጋርደዋል። በመኪና የሚያልፍ ሰው ምንም አያይም። የመኪና ማቆሚያው ሰፊ ነው፣ ክፍያውም ለካውንቲው ይገባል። የትሩሮን ቁስል በየተራ የሚያክም ምርጫ ነው። የፍሎሪዳ ሕግም ቢሆን በጸያፍ ወይም በብልግና መንገድ ገላን መግለጥን ነው የሚከለክለው፤ ተሟጋቾቹም ጸያፍ ድርጊት የሌለበት ዝም ያለ ፀሐይ መሞቅ ከዚያ ውጭ ነው ብለው በዚያ ላይ ቆሙ።

ከባለሥልጣናቱ ጋር ሲነጋገሩ የገቡት ቃል ሥራ የሚጠይቅ ነበር። ወሰኑን እኛ እናስከብራለን፣ ቆሻሻ እናነሳለን፣ ነውር የሚሠራ ሰው ካለ ከእናንተ በፊት እኛ እንናገረዋለን አሉ። ከፓርኩ ሰሜናዊ ክፍል የተወሰነው ዳርቻ በዚህ ሁኔታ ልብስ የማያስገድድ ሆነ። ዛሬም አለ፤ የሕይወት አድን ዋናተኞችም ይጠብቁታል።

ወሰኑ ላይ የቆመው ሰሌዳ ነው ከሁሉ በላይ የያዘኝ። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በኋላ ራቁታቸውን የሚዋኙ ሰዎች ሊያጋጥምዎ ይችላል» እንደማለት ነው። የዜና አጻጻፍ መምህራችን ይህን ቢያዩ ሙሉ ነጥብ ይሰጡት ነበር። አይጋብዝም፣ አያፍርም፣ አይሰብክም። «አለ» ሳይሆን «ሊያጋጥምዎ ይችላል» ይላል፤ ትክክልም ነው፣ በዝናብ ቀን ማንም ላይኖር ይችላልና። ደግሞም የተጻፈው ለሚያወልቀው ሰው አይደለም። የተጻፈው ለለበሰው ነው። ከማየቱ በፊት መምረጥ እንዲችል የቆመ ሰሌዳ ነው።

ይህ ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ነው። ልብስ የማያስገድድ ዳርቻን የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሱት ጠንካራው ጥያቄ የሃይማኖት ጥያቄ አይደለም። «እኔ ሳልጠየቅ ለምን አየሁ?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ «ገላ ተፈጥሮ ነው» የሚል መልስ ምንም አይመልስም። የሚመልሰው ከመታጠፊያው በፊት የቆመ ሰሌዳ ነው።

በካናዳዋ ቶሮንቶም ተሟጋቾቹ ሌላ ብልሃት ተጠቅመዋል። በከተማዋ ደሴቶች ላይ በሚገኘው ሃንላንስ ፖይንት በተባለው ዳርቻ ከምክር ቤቱ የጠየቁት ለዘላለም ሳይሆን ለሙከራ ነው። በ1999 ለሙከራ ተፈቀደ፣ በ2002 ቋሚ ሆነ። «ለአንድ በጋ እንየው» ለሚል ጥያቄ እምቢ ማለት ለአንድ የምክር ቤት አባል ቀላል አይመስለኝም።

የኃላፊው ማስታወሻ

አሁን ወደ ተሸናፊዎቹ ልመለስ፤ ብዙ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው።

በካሊፎርኒያ ሳንዲዬጎ ከተማ ብላክስ ቢች የሚባል ከትልቅ ገደል ሥር ያለ ዳርቻ አለ። በ1974 የከተማው ምክር ቤት ከዳርቻው የተወሰነውን ክፍል የዋና ልብስ የማያስገድድ ብሎ ደነገገ። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ውሳኔ ለመወሰን ቀዳሚዋ ከተማ ሆነች። ሰው ጎረፈ፣ የገደሉ አናት ሰፈሮች በመኪና ተጨናነቁ። በ1977 ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበና መራጩ ሕዝብ ፈቃዱን ሻረው። ይህ ሽንፈት ቢሆንም ንጹሕ ሽንፈት ነው፤ ተጠየቀ፣ ተቆጠረ፣ አለቀ።

ብላክስ ቢች ግን ሁለት ጌታ አለው። ደቡቡ የከተማዋ ነው፣ ሰሜኑ የግዛቲቱ የፓርኮች መምሪያ ነው። የግዛቲቱ ደንብ ደግሞ በፓርኮቹ ውስጥ ራቁት መሆንን የሚከለክለው «ከተፈቀደባቸው ቦታዎች በቀር» ብሎ ነው። ታዲያ የተፈቀዱት ቦታዎች የትኞቹ ናቸው? በ1970ዎቹ መጨረሻ መምሪያው ጥቂት ቦታዎችን ለመሰየም አስቦ የሕዝብ አስተያየት ጠየቀ። ተቃውሞው በረታ። በ1979 የመምሪያው ዲሬክተር የነበሩት ራስል ካሂል መካከለኛ መንገድ ፈለጉ። ማንኛውንም ቦታ አልሰይምም አሉ፤ ነገር ግን ለጠባቂዎቻቸው በላኩት ማስታወሻ ደንቡ የሚፈጸመው አንድ ግለሰብ ዜጋ አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ እንዲሆን አዘዙ። አቤት ባይ ከመጣ ጠባቂው ልብሳችሁን ልበሱ ይላል፤ ለዚያ ቀን እምቢ ያለ ይቀጣል። አቤት ባይ ከሌለ ሁሉም እንዳለ ይቀጥላል።

ሳነበው ብልህነታቸውን አደነቅኩ። ማንም አላሸነፈም፣ ማንም አልተሸነፈም። ባሉበት ኑሩ ነው። የካሂል ፖሊሲ የሚባል ስም ወጣለትና ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሠራ። ሰዎች በዚያ ጥላ ሥር አረጁ። ከሎስ አንጀለስ ወደ ሳንዲዬጎ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው በሳን ኦኖፍሬ የግዛቲቱ ዳርቻ፣ ከስድስተኛው የእግር መንገድ ታች፣ ቤተሰቦችና ሽማግሌዎች በየሳምንቱ የሚገናኙበት ሥፍራ ተፈጠረ። አቤቱታ ከሌለ ፈቃድ አለ የሚል እምነት ሰፈነ።

በ2008 መምሪያው ይህ ማስታወሻ በሳን ኦኖፍሬ ከእንግዲህ አይሠራም አለ። ቅሬታዎች በዝተዋል፣ በቁጥቋጦው ውስጥም የብልግና ድርጊት ይፈጸማል የሚል ምክንያት ቀረበ። ይህን ቅሬታ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። በእነዚህ ቦታዎች ዙሪያ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ተሟጋቾቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ በብዙ ዳርቻ በጎ ፈቃደኞቻቸው ካሜራ ይዞ የሚሽከረከረውንና ሴቶችን አተኩሮ የሚያየውን ሰው ሲያባርሩ ነው የሚውሉት። የእነሱ መልስ፦ ጥፋተኛውን በጥፋቱ ቅጡት፣ ዝም ብሎ የተቀመጠውን አትቅጡ የሚል ነው። የጠባቂውንም ችግር ግን አያለሁ። ሰሌዳ በሌለበት፣ ወሰን ባልተሰመረበት ቦታ ማን የዳርቻው ሰው እንደሆነ፣ ማን ክፉ ዓላማ ይዞ እንደመጣ ምን ለይቶ ያውቃል?

ናቹሪስት አክሽን ኮሚቴ የተባለው የተሟጋቾች ድርጅት መምሪያውን ከሰሰ። ክርክሩ ይህ ነው፤ ፖሊሲው ሠላሳ ዓመት ሠርቷል፣ ስለዚህ እንደ ደንብ ነው፣ ደንብ ደግሞ ያለ ሕዝብ አስተያየት በአንድ ኃላፊ ውሳኔ አይሻርም። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተቀበላቸው፣ ደስ አላቸው። በ2009 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ገለበጠው። ማስታወሻው ራሱ አንድ ደንብ ሊያልፍበት የሚገባውን ሥርዓት አላለፈም፣ ስለዚህ መምሪያውን አያስርም ተባለ። በዚያው ዓመት የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት አልፈቀደም። ሠላሳ ዓመት የተደገፉበት ግድግዳ መጋረጃ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ሳነብ በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት በኩል ውጭ ውጭውን እያየሁ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ለምን እንዲህ እንደነካኝ መጀመሪያ አልገባኝም። እንደዚያ ዓይነት ሰዎች አይቼ አላውቅም፤ የእነሱ መዋያ ቢዘጋ እኔን ምን አገባኝ? ኋላ ነው ወንዛችን ትዝ ያለኝ።

ባደግኩበት ከተማ ዳር ወንዝ አለ። ላይኛው ጠመዝማዛ፣ ትልቁ ዋርካ ካለበት፣ የሴቶች ነው። ልብስ ይታጠብበታል፣ ገላ ይታጠብበታል። ታችኛው የወንዶች ነው። ወንድ ልጅ ከብት ይዞ ወደ ላይኛው ቢጠጋ ከሩቅ ያስላል ወይ ያፏጫል፤ ሴቶቹ «ቆይ!» ካሉት ይቆያል። ይህን ማንም አልደነገገም፣ ማንም አልጻፈም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። የኬፕ ኮድና የሳን ኦኖፍሬ ሰዎች ልማድ ከእኛ ጋር አንድ ነው እያልኩ አይደለም፤ የእኛ ሴቶች ወደዚያ የሚሄዱት ከዓይን ለመራቅ ነው፣ ቤት ውስጥም ውኃ ስለሌለ ነው። አንድ የሚሆነው የፈቃዱ ዓይነት ነው። በዝምታ የተሰጠ ፈቃድ።

ከሦስት ዓመት በፊት አሸዋ የሚጭኑ መኪኖች ወደ ላይኛው ጠመዝማዛ መንገድ ከፈቱ። ሹፌሮቹና ጫኚዎቹ የሌላ አገር ሰዎች ናቸው፣ ማሳልም አያውቁ ማፏጨትም። ሴቶቹ ተሰብስበው አቤት ለማለት ወደ አንድ ቢሮ ሄዱ። የተሰጣቸው መልስ «ቦታው ለሴቶች መታጠቢያ ተብሎ የተመዘገበበት ወረቀት አላችሁ?» የሚል ነበር። አልነበራቸውም። አሁን የሚሄዱት ጎሕ ሳይቀድ፣ መኪኖቹ ሳይደርሱ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ በዚያ ሰዓት ወንዙ ያስፈራል።

ጽሑፌን ለክፍል ሳቀርብ ይህን የወንዝ ታሪክ አልጨመርኩትም ነበር። ሳቅ ፈርቼ ሳይሆን፣ ጥናት ውስጥ የእናት ወንዝ ይገባል ወይ ብዬ ነው። ከአቀራረቤ በኋላ አንድ ተማሪ «ታዲያ አንቺ ትደግፊያቸዋለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሄጄ አላወልቅም፤ ይህን ማለቴ ክፍሉን አሳቀው። ነገር ግን ከመታጠፊያው በፊት ሰሌዳ እስካለ፣ ወሰኑ እስከታወቀ፣ ካሜራ የያዘው እስከተከለከለ ድረስ በፍሎሪዳ አሸዋ ላይ ተኝቶ ፀሐይ ለሚሞቅ ሽማግሌ የምከለክለው ነገር የለኝም አልኩ። ጠያቂው አልረካም። «እዚህ ቢሆንስ?» አለኝ። እዚህ ጠያቂ ሲመጣ እንነጋገራለን አልኩትና ተቀመጥኩ። ዛሬ ሳስበው መልሴ ትንሽ ሽሽት አለበት።

ባለፈው እሁድ እናቴ ስትደውል ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ «አንቺ ልጅ፣ ኮሌጅ የላክሁሽ ይህን ልትማሪ ነው?» አለች። ከዚያ ስለ ሰሌዳው ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠች። ስለ ማስታወሻው ስነግራት ደግሞ «እነሱም ወረቀት ተጠየቁ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ትንሽ ቆይታ «ሰሌዳ ማሠራት ስንት ያስወጣል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ማክሰኞ ዕለት ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ያለውን የብረታ ብረት ሱቅ ጠየቅኩ። ብየዳው የሚሠራው ልጅ መጠኑን ከነገርሽኝ ዋጋውን እነግርሻለሁ፣ ጽሑፉን ግን አምጪ አለኝ። በስልክ ስንጨቃጨቅ ከረምን። እኔ «ከዚህ በላይ ሴቶች የሚታጠቡበት ሥፍራ ስለሆነ እባክዎ ከመግባትዎ በፊት ድምፅ ያሰሙ» የሚል አረቀቅኩ። እናቴ በዛ አለች፤ የሚያነቡት ሹፌሮች ናቸው፣ መኪናው እየሄደ ነው፣ «ሴቶች አሉ፣ ቁም» ይበቃል ትላለች። ከማን ስም በታች ይጻፍ የሚለውንም ገና አልተስማማንም። የጎረቤታችን ሚስት እትዬ ዘነበች ግን በዚህ ሳምንት ሴቶቹን ሰብስባ ከፊርማ ጋር የሚገባ ማመልከቻ እንዲጻፍ ጠይቃለች፤ የሚጽፈው ሰው ደግሞ እኔ ነኝ።